አብረው የታጠቡ ሸክላዎች

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ከጠዋት እስከ ማታ የሸክላ ስባሪ ስታገላብጥ ስለምትውል «እሜቴ ገል» የሚል ስም አውጥተውላታል። እሷም ለምዳዋለች፤ አንዳንዴ ስልክ ስታነሳ «እሜቴ ገል ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?» እያለች ትቀልዳለች።

የምትሠራው በሙዚየሙ ምድር ቤት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ኮረብታ ላይ፣ በመካከለኛው ዘመን ታንጾ ኋላ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ለስድስት ዓመት ሲቆፈር ቆይቷል። ከዚያ የወጣው ጡብና የወለል ሸክላ በሙሉ በእንጨት ሳጥን እየታሸገ እዚያ ምድር ቤት ተደርድሯል፤ ሦስት መቶ ምናምን ሳጥን። ቁፋሮው ካበቃ አራት ዓመት ሆኖታል። የእሷ ድርሻ ያን ሁሉ ስብርባሪ አጥንቶ ከየት አፈር እንደተሠራ፣ በምን ዓይነት ምድጃ እንደተተኮሰ፣ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ መጻፍ ነው።

ሥራዋን ትወዳለች፤ ይህን ማንም አይክድባትም። አንድ ጡብ ገልብጣ ከጀርባው የተቀረጸውን የጣት ምልክት ታይና «ይኼ ሰውዬ በግራ እጁ ነበር የሚሠራው» ትላለች። ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን የምሯን ነው። ገና ሳይደርቅ ዝናብ የመታውን ጡብ ካልመታው ትለያለች። ውሻ የረገጠው ሸክላ ያገኘች ቀንማ ደስታዋን የሚችለው የለም፤ ጥበቃው ድረስ ወጥታ ታሳያለች።

እንዲህ ያለችው ሰው በሆዷ አንድ ነገር ይዛ ሰባት ዓመት ኖረች።

ነገሩ የደረሰው ቁፋሮው ሦስተኛ ዓመቱን በያዘ ጊዜ፣ እሷም ገና አዲስ ሳለች ነው። ከመቅደሱ ወለል ሥር፣ ከተደለደለ ወዲህ ማንም ካልነካው አፈር ውስጥ፣ ስልሳ ሦስት የሸክላ ስባሪ ወጣ። በዚያው ሳምንት ከሰሜኑ ግድግዳ ግርጌ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከብዙ ዘመን በኋላ ከታደሰበት ቦታ፣ ሌላ አርባ ስምንት ተገኘ። ሁለቱም በየሳጥናቸው ሆነው እንድታጥባቸው ተሰጧት። ደንቡ ግልጽ ነበር። አንዱ ሳጥን ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቁጥር ተጽፎበት ተመልሶ ሳይከተት ሌላው አይከፈትም።

ይህን ደንብ ያስተማሯት የቁፋሮው መዝጋቢ ናቸው። በዕድሜ አባቷ የሚሆኑ፣ በዚያ ሁሉ ሐሩር ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ከአፈር የወጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ በእሳቸው እጅ ያልፋል፤ ይቆጥራሉ፣ ይለካሉ፣ ከዚያ ልቅም ባለ ጽሕፈታቸው መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። ቆፋሪዎቹ «እሳቸው የጻፉትን የሚሰርዝ ገና አልተወለደም» ይሉ ነበር። እሷን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ልጄ» እያሉ ነው የጠሯት። ብዕር አያያዟ ሳይቀር አልጥም ብሏቸው፣ ቁጥር ሸክላ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ አጠገቧ ቆመው አለማምደዋታል።

ቀኑ ዓርብ ነው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀጠሮ ነበራት። የታመመባት ሰው አልነበረም፣ የሚጠራትም አልነበረም፤ ፀጉሯን ልትሠራ ነው። «አንዴ ልገላገለው» አለችና ሁለቱንም ሳጥኖች ከፍታ እዚያው ምድር ቤት በሁለት ገንዳ ዘፈዘፈች። እየፈተገች በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የመቅደሱን በቀኝ፣ የሰሜኑን በግራ ዘረጋች። ወደ መጨረሻው ገደማ አንዱን ገንዳ ልትደፋ ስታነሳ ዳሌዋ ጠረጴዛውን ገፋው። ጠረጴዛው አሮጌ ነበር፤ አንድ እግሩ ከዳውና ያ ሁሉ ስባሪ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። መለያ ወረቀቶቹም ከጭቃው ውሃ ጋር ሄዱ።

ማንም አላየም። መጮህ ነበረባት፤ አልጮኸችም። ተንበርክካ እየለቀመች በዐይኗ ለየቻቸው። አንጸባራቂ ቅባቸው ወደ አረንጓዴ የሚያደላውን የመቅደሱ መስሏት ወደዚያ ሳጥን፣ ወደ ቡናማ የሚያደላውን ወደ ሰሜኑ። ቅብ የሌለውንና ያላወቀችውን ደግሞ እንዲሁ እጇ ወደመራት ጣለችው። ሲወድቅ የተሰበረም ነበረ፤ ስንት እንደሆነ አልቆጠረችም። አዲስ መለያ ጻፈች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ ወለሉን ወለወለች። ለቀጠሮዋ የዘገየችው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ፀጉሯም አምሮ ተሠራ።

ሰኞ ጉድ ፈላ። የቁፋሮው መሪ የነበሩት ፕሮፌሰር የመቅደሱን ሳጥን ከፍተው ሲቆጥሩ ከመዝገቡ ጋር አልገናኝ አላቸው። መዝጋቢውን አስጠሩ።

«ስልሳ ሦስት ብለው ጽፈዋል። እኔ የማገኘው ሰባ አንድ ነው።»

«ስልሳ ሦስት ነው፣ ፕሮፌሰር።»

«ይኸው ሳጥኑ። ይቁጠሩት።»

መዝጋቢው ቆጠሩ፤ ሰባ አንድ። እንደገና እያንዳንዷን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ፤ ያው ሰባ አንድ። የሰሜኑም ተከፈተ፤ እሱም ከመዝገቡ በአራት በልጦ ተገኘ። ያን ጊዜ መዝጋቢው ዞረው አዩዋት። በቁጣ አልነበረም፤ እንደሚያምኑት ሰው ነበር ያዩዋት።

«ልጄ፣ ስታጥቢ የወደቀ፣ የተሰበረ ነገር ነበረ?»

ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ፕሮፌሰሩ ቆመዋል፣ ሁለት ቆፋሪዎች በር ላይ ናቸው፣ እሷ ከተቀጠረች አራት ወሯ ነው።

«የለም ጋሼ» አለች። «እንደሰጡኝ ነው።»

መዝጋቢው መነጽራቸውን አወለቁ። በኮታቸው ጫፍ ወለወሉት፣ መልሰው አደረጉት፣ ሳጥኑን አንዴ አዩትና «እንግዲያው ዐይኔ ነው» አሉ።

ማንም አላባረራቸውም። መዝገቡን ብቻ ከእጃቸው ወስደው የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጧቸው። ሦስት ወር ያህል ቁልፉን ይዘው በር ሲከፍቱና ሲዘጉ ከቆዩ በኋላ ራሳቸው ጡረታ ጠይቀው ወጡ። የሽኝቱ ዕለት እሜቴ ገልን ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «በርቺ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ» አሏት። እሷም እጥበቱ ክፍል ገብታ ቧንቧውን ከፈተችና እስኪወጣላት አለቀሰች። ለቅሶ ግን መናዘዝ አይደለም፤ ይህን ያኔም አላጣችውም።

ከዚያ በኋላ ፕሮፌሰሩ በዚያው ሰባ አንድ ሸክላ ተነሥተው፣ ቤተ ክርስቲያኑ አንጸባራቂ ወለል የነበረው ሰው ሁሉ ከሚያስበው መቶ ዓመት ቀድሞ ነው ብለው ጻፉ። ጽሑፉ ዝና አተረፈላቸው። በየስብሰባው እየተጠሩ የዚያን ሳጥን ፎቶግራፍ በግድግዳ ላይ ሲያሳዩ እሜቴ ገል ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ታጨበጭባለች። ሲጨበጨብ አለማጨብጨብ አይቻልም።

ዘንድሮ የቁፋሮው የመጨረሻ መጽሐፍ ሊታተም ሆነ፤ የጡቡና የሸክላው ምዕራፍ የእሷ ነው። ለዚያ ብላ ከየሳጥኑ ናሙና እየመረጠች፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ስስ አድርጋ እየቆረጠች በማይክሮስኮፕ ማየት ጀመረች። የመቅደሱ ሳጥን ተራው እስኪደርስ ሌላውን ሁሉ አስቀደመች። በመጨረሻ የሚቀር ሲጠፋ ከፈተችው።

እንደፈራችው ሆነ። ከሰባ አንዱ የሚበዛው ጭቃው ውስጥ የተፈጨ ጡብ አለበት፤ ይህ ከጥንቱ ግድግዳ ጡብ ጋር አንድ ነው። ሃያ ስድስቱ ግን ክብ ክብ ያለ የወንዝ አሸዋ ነው ያለባቸው፤ ልክ በእድሳቱ ጊዜ እንደተሠሩት እንደ ሰሜኑ ሸክላዎች። አረንጓዴ ቅብ ያላቸውም እነዚህ ናቸው። ፕሮፌሰሩን ያስጨበጨበላቸው አንጸባራቂ ወለል ከመቅደሱ ሥር ወጥቶ አያውቅም። ሳጥኑ ውስጥ ያስቀመጠችው እሷ ናት።

ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሄዳ እውነቱን ግማሹን ተናገረች።

«ሳጥኑ ተደባልቋል። ሃያ ስድስቱ የመቅደሱ አይደሉም።»

ፕሮፌሰሩ ፊታቸው ከሰል መሰለ። ወረቀቱን ደጋግመው አገላበጡ፤ ቆይተው ግን ተረጋጉ።

«ይኼማ የታወቀ ነው፤ የመዝጋቢው ነገር ነው። ያኔ ዐይናቸው እንደደከመ ራሳቸው አምነዋል። እኔ የተሰጠኝን ነው የጻፍኩት። አንድ መስመር አስገቢ፤ ‹በምዝገባ ወቅት በተፈጠረ ስህተት› በይ። በቃ።»

«እሺ» ብላ ወጣች።

ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ «በምዝገባ ወቅት» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲያ እጇ አልታዘዝ አላት። ሰረዘችው፤ እንደገና ጻፈችው። ሁለት ቀን ሙሉ ከሁለት ቃል ሳታልፍ ዋለች። ቤቷ ስትገባ እህቷ «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የጠወለግሽው?» ብትላት «ሥራ በዝቶብኝ» አለች። በሦስተኛው ቀን ከአስተዳደር የመዝጋቢውን አድራሻ ጠይቃ ወሰደች፤ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሄደች።

በር የከፈቱላት የመዝጋቢው ባለቤት ናቸው። ማን እንደሆነች ስትነግራቸው ፊታቸው ፈካ።

«አንቺ ነሽ እንዴ? ስምሽን ሲያነሳ ነው የሚኖረው! ግቢ፣ ግቢ።» ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ ግን ክንዷን ያዝ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መጫወቱን ይጫወትልሻል፤ ጻፍ ወይ ቁጠር እንዳትዪው ብቻ። ከዚያ ወዲያ ብዕር አልጨበጠም። መድኃኒቱን እንኳ የምቆጥርለት እኔ ነኝ። ሦስት ሐኪም ጋር ወስጄዋለሁ፤ ሦስቱም ዐይኑ ደህና ነው አሉት፤ አያምንም። ‹ስልሳ ሦስት ያልኩት ሰባ አንድ ሆኖ ተገኝቷል› ይላቸዋል ለሐኪሞቹ።»

እሜቴ ገል ግድግዳውን ይዛ ገባች።

መዝጋቢው መስኮት ሥር ተቀምጠዋል፤ ያው ኮት፣ ሰውየው ግን ከውስጡ ቀንሰዋል። ሊነሱላት ሲሞክሩ «ኧረ በሞቴ ጋሼ!» አለችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ስለ ሥራዋ ጠየቋት፣ ስለ ሳጥኖቹ ጠየቋት። ሻይ ቀረበላት፤ አልነካችውም።

«ጋሼ፣ ስልሳ ሦስት ነበሩ።»

«ምን አልሽ?»

«የመቅደሱ ሸክላዎች። የቆጠሩት ልክ ነበር። እኔ ነኝ። ሁለቱን ሳጥን አንድ ላይ አጥቤ ጣልኳቸው፤ ተሰበሩም፣ ተደባለቁም። ለማንም አልተናገርኩም።»

ባለቤታቸው ትሪውን ይዘው በር ላይ እንደቆሙ ቀሩ።

«ጠይቄሽ ነበር እኮ» አሉ መዝጋቢው።

«አዎ ጋሼ።»

«ፊት ለፊት ጠይቄሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ምን ቸገረሽ? ለምን ሁለቱን አንድ ላይ?»

መዋሸት እንደማትችል አወቀች፤ እውነቱ ግን ከውሸት ይልቅ አሳፈራት። «ፀጉሬን ልሠራ ቀጠሮ ነበረኝ።»

ባለቤታቸው ሳቁ፤ ሳቅ ከተባለ። «ፀጉር!» አሉ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ባሌ በቁሙ ሲቀበር፣ ለፀጉር! ውጪልኝ ከቤቴ። አሁኑኑ ውጪልኝ!»

እሜቴ ገል መሬት ወድቃ የመዝጋቢውን እግር ልትይዝ ብላ ነበር፤ እሳቸው እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ተዪው፣ ተነሺ» አሉ፤ ድምፃቸው አልጮኸም። «እኔ ቤት መጥቶ ማልቀስ ቀላል ነው። እዚያ ንገሪ። ያኔ የሰሙት ሁሉ ይስሙት።»

ሰኞ ነገረች። ለፕሮፌሰሩ ብቻ አይደለም፤ በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ቆማ፣ ከጠረጴዛው እግር እስከ ፀጉሯ ቀጠሮ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ፕሮፌሰሩ «ሥራዬን ገደልሽው» አሏት፤ ሐሰት አይደለም። ጽሑፋቸውን መልሰው ሳቡት። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ሲገናኙ ግድግዳ እያዩ ያልፏታል። ከሥራ ግን አላስወጧትም፤ ሸክላውን እንደ እሷ የሚያውቅ ስለጠፋ ነው እንጂ አዝነውላት አይደለም። አሁን ብቻዋን ሳጥን መክፈት አይፈቀድላትም፤ ሌላ ሰው አጠገቧ ቆሞ ይፈርማል። ይህ ቀለላት ማለት ይቻላል። የከበዳት ሌላ ነው። ሰው ሁሉ «ይብላኝ ለአንቺ፣ ይህን ያህል ዘመን ተሸክመሽ!» እያለ ሲያዝንላት፣ የተሸከሙትማ እሳቸው ነበሩ እያለች ታፍራለች።

ለመጽሐፉ አንድ ገጽ ጻፈች። የማን ስህተት እንደሆነ ስሟን አስገብታ፣ የመዝጋቢው ቆጠራ ትክክል እንደነበረ ገልጻ። ከመታተሙ በፊት አንድ ቅጂ በፖስታ ላከችላቸው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት ጥበቃው ፖስታ አቀበላት። አድራሻው የተጻፈበትን እጅ ወዲያው አወቀችው፤ ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ ያው ልቅም ያለ ጽሕፈት ነው። ቆማ ከፈተችው። ሰላምታ የለውም።

«ገጹን አነበብኩት። በሦስተኛው መስመር ‹ሁለት ሳጥን› ይላል። በዚያ ሳምንት የሰጠሁሽ ሦስት ነው። ሦስተኛው ከደወል ቤቱ የወጣ ጡብ ነው፤ አሥራ አንድ። እሱንስ ምን አደረግሽው?»

ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው።

ሦስተኛ ሳጥን ስለመኖሩ ጭራሽ አታስታውስም ነበር። የምትፈርምላትን ባልደረባዋን ጠርታ ከመደርደሪያው ጥግ እስከ ጥግ ፈለጉ። ከታች ረድፍ፣ ከባዶ ሳጥኖች ኋላ ተገፍቶ አገኙት፤ አፈሩ ሳይራገፍ፣ ክዳኑ በመዝጋቢው እጅ እንደታሸገ። ያን ዓርብ ስትጣደፍ ወደዚያ ገፍታው ኖሯል። ቆጠሩት፤ አሥራ አንድ ጡብ።

ያንኑ ቀን መስመሩን አስተካክላ ለማተሚያ ቤቱ ላከች፤ ለእሳቸውም «ሦስት ነው ጋሼ። ጡቦቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ተገኝተዋል። ይቅር ይበሉኝ» ብላ ጻፈች። የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ሰርዛው፣ ሁለት ጊዜ መልሳ ጻፈችው። መጽሐፉ ከታተመ አምስት ወር ሆነው። አንድ ቅጂ ልካላቸዋለች፤ ይክፈቱት አይክፈቱት አታውቅም፣ መልስም አልመጣላትም።