ጥርሱ ተበልቷል የተባለው ካቻቢቴ

«ዩኑስ ሱቅ ያለው ባለባትሪ ካቻቢቴ ጥርሱ ተበልቷል አሉ።»

እትዬ እቴነሽ ይህን ወሬ ሰኞ ጠዋት ጀመሩት። እስከ ዓርብ ድረስ በደብረ ታቦር ገበያ ያልሰማው ሰው ቢገኝ፣ በዚያው ቀን ከወረታ በሚኒባስ የገባ ብቻ ነው። ቅቤና ሽንኩርት የሚሸጡት ከዩኑስ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ደጃፍ ስለሆነ፣ የሚገባውም የሚወጣውም በእሳቸው ዓይን ሥር ነው የሚያልፈው። አንድ ሰውዬ ገዛው፤ ቤቱ ወስዶ ሞከረው፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አለበት፤ በማግስቱ «ጥርሱ ተበልቷል» ብሎ መለሰው። ሰውዬው ማን ነው ሲሏቸው «አንድ ሰውዬ ነዋ» ይላሉ። የእትዬ እቴነሽ ወሬ ባለቤት ኖሮት አያውቅም። ባለፈው ክረምት የወንዛዬ ፍልውሃ ቀዘቀዘ ብለው ስንቱን ወገቡን የታመመ ሰው ከመንገድ አስቀርተዋል፤ ያንንም ያለው አንድ ሰውዬ ነበር።

ሙኒራ ወሬውን ሦስት ጊዜ ሰምታ ሦስቴም አልፋዋለች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት ስትመርጥ ግን እትዬ እቴነሽ አራተኛውን ጀመሩ፤ በዚህኛው ላይ አንዲት ነገር ጨመሩበት።

«ቪቴውንማ እንዲያው እሽክርክር አድርጎ ያስገባል አሉ። ካስገባ በኋላ ነው ጠቅ ጠቅ የሚለው። ለመጨረሻዋ ጉልበት ያጥረዋል።»

የሙኒራ እጅ ሽንኩርቱ ላይ ቀረ። «ካስገባ በኋላ ነው?»

«ካስገባ በኋላ። ምነው?»

«ምንም» አለች። እንዴት ያለ ምንም ነው! ልቧ ከጉና ቁልቁል እንደተለቀቀ ድንጋይ ነበር የሚንከባለለው። ይህን ጠቅታ ስልኳ ላይ በቪዲዮ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት ያለው ካቻቢቴ ቪቴው፣ ያ የሚጠመዘዘው ምስማር፣ ልኩን ሲጠብቅ ራሱን ይለቃል፤ ጠቅታው የዚያ ድምፅ ነው። ዕቃው ያን ጊዜ «ይበቃል» ማለቱ ነው። ይህን የሚያውቅ ዕቃ ፍለጋ የከተማውን ሌላ ሱቅ ሁሉ ዞራ አጥታው ነበር። ለካ ከእትዬ እቴነሽ ጀርባ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳምንቱን ሙሉ ሲሰደብ ከርሟል።

ሰውዬው ማን እንደሆነ ልትጠይቅ ቃሉ ከንፈሯ ድረስ መጥቶ ነበር። ነገር ግን እትዬ እቴነሽን ወሬ መጠየቅ ማለት ዓመቱን ሙሉ «ሙኒራ እንኳ ሳትቀር መጥታ ጠየቀችኝ» መባል ነው። ዋጠችው። ሽንኩርቷን አንጠልጥላ ሄደች።

ሙኒራ ያደገችው በአጎቷ በኸድር ቤት ነው። ኸድር ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ አንዲት የስፌት መኪና ሲያንኳኩ የኖሩ፣ ከአፋቸው ቃል የማይባክን ሰው። እሷ ደግሞ ማንም ሳያስተምራት፣ ስልኳን ሽሮ ድስት ላይ አስደግፋ እያየች፣ የመጋረጃ ብረት መስቀል፣ የመሳቢያ እጀታ መቀየር፣ የተንጋደደ የቁም ሣጥን በር ማቅናት ለምዳለች። ማንም እንዳላስተማራት የምትናገረውም ሳትጠየቅ ነው። የሰፈሩ ሴቶች እንዲህ ያለውን ሥራ ሁሉ ለእሷ ትተውላታል። ኸድር ግን አንድም ቀን «ጎበዝ» ብለዋት አያውቁም፤ እሷም ሌላው ሁሉ ከሚላት ያቺን ያልተባለችውን ነበር የምትቆጥረው።

አሁን ጊዜዋ መጣ። የኸድር ልጅ ሰዓዳ ከባሏ ጋር አዲስ ቤት ልትገባ ነው፤ እሁድ ዱዓ አለ፤ ዘመድ ይሰበሰባል። የወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን ከባሕር ዳር ተበታትኖ በካርቶን መጣ፤ አሥራ ስድስት በር፣ እያንዳንዱ ሁለት ማጠፊያ፣ ማጠፊያው አራት አራት ቪቴ። እንጨቱ እንጨት እንዳይመስላችሁ፤ ሰጋቱራ በኮላ ተጨምቆ የተሠራ ነው። ቪቴውን ትንሽ አሳልፈው ካጠበቁት ቀዳዳው ይፈርስና በሩ እንደ ወለቀ ጥርስ ይንጠለጠላል። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ በእጅ ካቻቢቴ ለፍታ ሁለት በር ሰቀለች፤ አንዱ ቀዳዳ ፈረሰባትና የክብሪት እንጨት በኮላ አጣብቃ ሞላችው። ማታውን የቀኝ እጇ አንጓ አበጠ።

ኸድር መጥተው ሁለቱን በሮች አዩ፤ አንጓዋንም አዩ። «ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በፊት ካላለቀ ይሻውን እጠራለሁ» ብለው ወጡ።

አናጢው ይሻው በር የሚሰቅለው በመዶሻ ነው። የይሻው ስም በዚያ ቤት ከሚነሳ ሙኒራ አንጓዋ ቢቆረጥ ትመርጥ ነበር።

ቅዳሜ ዩኑስ ሱቁን ሲከፍት ደጃፉ ላይ ቆማ አገኛት። በነጠላዋ ጫፍ ሦስት ቪቴ ቋጥራለች፤ በብብቷ ከካርቶኑ የተረፈ የቁም ሣጥን ቁራጭ ይዛለች። ሰው በግ ሲገዛ ወገቡን ይዳብሳል፣ ጥርሱን ያያል፤ ዕቃ ሲገዛ ግን ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ ይሄዳል። ሙኒራ እንዲህ ያለ ሰው ትንቃለች። ያጠራቀመችው ለአንድ ዕቃ ብቻ ነው የሚበቃው፤ አንዱም ልክ መሆን አለበት።

ዩኑስ በመጀመሪያ ትልቁን ትራፓኖ አወረደላት። ሁሉም ሰው እሱን እንደሚወስድና ግንብ እንደሚበሳ ነገራት። አነሳችው፤ የዓመት ሕፃን ያህላል። ቁራጯን ባንኮኒው ላይ አስደግፋ ቪቴውን ነካ ብታደርገው፣ ጭንቅላቱ ድረስ ዘፍቆት አልቆም አለ፤ ሰጋቱራው እንደ በሶ ቦነነ። መለሰችለት። ሁለተኛው ባለሣጥኑ ነበር፤ አርባ ምናምን ጫፍ ተደርድሮለት እንደ ሙሽራ ጌጥ ያብለጨልጫል። ሲሽከረከር ግን ጫፉ ይዋልላል፤ ቪቴው ላይ ተንሸራቶ የጭንቅላቱን መስቀል ፋቀው። ሙኒራ ሣጥኑን ዘግታ ወደ ዩኑስ ገፋችው።

«ያንን ተመልሶ የመጣውን አምጣልኝ።»

ዩኑስ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። «እሱን ተይው፣ ሙኒራ። ችግር አለበት ተብሏል።»

«አላገባው። ልሞክረው ነው ያልኩህ።»

ይሄኔ ይሻው ምስማር ሊገዛ ገባ። የቅዳሜ ገበያተኛም ሴት ልጅ ካቻቢቴ ስትመርጥ ለማየት ደጃፉ ላይ ተሰበሰበ። ዩኑስ ከላይኛው መደርደሪያ ያወረዳት ዕቃ ከመዳፍ ብዙ አትበልጥም፤ ሙኒራ ስትጨብጣት አንጓዋ አልተቆጣም። አፍንጫዋ ላይ ትንሽ መብራት አላት። የምትሞላው በስልክ ገመድ ነው። አንገቷ ላይ፣ አዎ፣ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት አለ።

«ማርሽ ነው» አለ ይሻው፤ ባጃጅ ነድቶ ስለሚያውቅ ቁጥር ያለው ነገር ሁሉ ማርሽ ይመስለዋል። ከእጇ ነጠቀና ቀለበቱን ቁጥር አንድ ላይ አድርጎ ቪቴው ላይ ደገነው። ገና ከመያዙ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አለ። «ይኸው። በአንደኛ ማርሽ ያልተነሳ መኪና አልቆለታል። ባትሪውን ለሬዲዮ አድርጊው።»

ደጃፉ ሳቀ። ሙኒራ እጇን ዘረጋች።

«አንተ የሰቀልከው በር ሲከፈት ይጮሃል፤ ሬዲዮው ለደንበኞችህ ይሁን፣ ጩኸቱን ይሸፍንላቸዋል። አምጣው።»

ቀለበቱን ወደ አራት አዞረች። የቀራትን ሦስተኛ ቪቴ በጫፉ ላይ አቆመች፤ ማግኔት ስላለው ቀጥ ብሎ ቆመ። በዚያች ቅጽበት ልክ ካልሆነች ይሻው ዛሬውኑ የሰዓዳ ቤት ይገባል፤ ኸድርም በቀረው ዘመናቸው ሁሉ ስለእሷ እጅ አንድ ቃል አይተነፍሱም። ጫነችው። ቪቴው እየዘፈነ ገባ፤ ጭንቅላቱ ከእንጨቱ ጋር እኩል ሲሆን ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብሎ ቆመ። ሰጋቱራ አልቦነነም። አውራ ጣቷን አሳለፈችበት፤ ለስላሳ ነው። አስወጣችው፤ መልሳ አስገባችው፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ ጠቅ አለ። አምስት ጊዜ ደጋገመችው፤ ቀዳዳው እንደነበረ ነው።

ለተሰበሰበው ሰው ቀለበቱን እያሳየች አስረዳች። ማርሽ አይደለም፤ ልክ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ቶሎ ይበቃዋል፤ ለጠንካራ ግንድ ከፍ ይደረግለታል፣ ለሰጋቱራ ዝቅ። ጠቅታው ጥርስ መበላት ሳይሆን ሥራው ማለቁን መናገር ነው። አንድ ገበሬ ቁራጯን ተቀብሎ አገላብጦ አየና፣ ሲበቃው የሚያውቅ ፍጡር ዛሬ ገና ማየቱን ተናገረ። ይሻው ምስማሩን ሳይገዛ ወጣ። ዩኑስ ሂሳቡን ተቀብሎ ካርቶኑን ሲሰጣት አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

በባጃጅ በረረች። ሰዓዳ በሩን እየደገፈች፣ እሷ ቪቴውን እየሰደደች፣ ዝሪር፣ ጠቅ ጠቅ፤ ዝሪር፣ ጠቅ ጠቅ። ከሰባተኛው በር ጀምሮ ሰዓዳ ጠቅታውን እየቀደመች በምላሷ ታሰማ ጀመረች፤ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። አሥረኛው ላይ መብራት ጠፋ። ጎረቤት ግቢ ሲጮህ የነበረ መጋዝ ዝም አለ፤ የሙኒራ ዕቃ ግን በአፍንጫዋ መብራት የቁም ሣጥኑን ጓዳ እያበራች ቀጠለች። አሥራ ስድስተኛው በር ሲዘጋ ፀሐይዋ ገና አላዘቀዘቀችም ነበር። ሙኒራ ወለሉ ላይ ተዘርግታ አሥራ ስድስቱን በሮች በተራ አየቻቸው። መስመራቸው የኸድር ስፌት ይመስል ነበር።

ኸድር ለዐስር ሶላት ሲሄዱ ጎራ አሉ። የተሰፋ ልብስ እንደሚመረምሩ እያንዳንዱን በር ከፍተው ዘጉ፤ ክፍተቱን በጣታቸው ለኩ። እንከን ሲያጡ ዓይናቸው ካቻቢቴው ላይ አረፈ። አነሱት። ማብሪያው የት እንዳለ ሳይፈልጉ ነኩት፤ ሙኒራ የልብስ ሰፊ ጣት ነው ብላ አለፈችው። ያቺን ቁራጭ እንጨት አቀበለቻቸው። ቪቴው ገባና ጠቅ ጠቅ አለ።

«ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?»

«ይበቃል ነው የሚለው፣ አጎቴ። ቪቴው ሲጠብቅ ራሱ ይለቀዋል፤ ሰጋቱራው እንዳይፈርስ። ይህንን እኮ ነው አንድ ደንቆሮ ጥርሱ ተበልቷል ብሎ የመለሰው። የማያውቁትን ዕቃ ምን ያስገዛቸዋል? ወረቀቱን እንኳ ገልጦ አላየም።»

ኸድር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወረቀቱ ቻይንኛ ነው።»

«ሥዕል አለው፣ አጎቴ። ለሥዕልም አስተርጓሚ ሊቀጠርለት ነው?»

ኸድር ካቻቢቴውን በሁለት እጃቸው፣ እንቁላል የሚያስቀምጡ ያህል፣ ጠረጴዛው ላይ መለሱት። ኮፍያቸውን አስተካከሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ይሻውን አልጠራም። የስፌት ሱቄንም መደርደሪያ አንቺው ነሽ የምትሠሪልኝ። ጎበዝ።»

ያቺን ቃል ሰምታ ምን ማድረግ እንዳለባት ስለጠፋት፣ ሙኒራ ጠብቆ ያለቀውን አንድ ቪቴ አውጥታ እንደገና አጠበቀችው። ሰዓዳ ትከሻዋን ይዛ እያወዛወዘች «አሉሽ፤ በጆሮዬ ሰማሁ» ትላለች።

ኸድር ከግቢው ከመውጣታቸው እትዬ እቴነሽ ለአዲሱ ቤት በቅል ቅቤ ይዘው ገቡ። በሮቹን አይተው አደነቁ፤ ቀጥሎ ዕቃውን አዩና ያ ራሱ መሆኑን ጠየቁ። ሙኒራ አሳየቻቸው። ጠቅታውን ሦስት ጊዜ አስደገሙ፤ የሚበቃበትን ልክ በጣታቸው ዳሰሱ። ሙኒራ ወሬያቸው ከእንግዲህ በየትኛው ገበያ እንደሚቃና ጠየቀቻቸው፤ ለዚያ አንድ ሰውዬም ሰላምታ እንዲያደርሱላት፣ ስንፍናውን እንደምታመሰግንለት ነገረቻቸው።

እትዬ እቴነሽ ቅቤውን አስቀምጠው ኸድር የወጡበትን በር አዩ።

«ታዲያ በከንቱ ነዋ የመለሱት» አሉ። «ስሜን አታንሺ ብለው አደራ ስላሉኝ ነው እንጂ፣ ሰውዬው አጎትሽ ናቸው። እሁድ ለት ነው የገዙት፣ ላንቺ ብለው፤ የተበላሸ ዕቃ አልሰጣትም ብለው ሰኞ መለሱት።»