ሩባ የጻፈቻት እናት

ህሊና ካርቱም ውስጥ፣ ዴም ሰፈር ልብስ ሰፊ ናት። ዓርብ ዓርብ ሥራ ስለሌላት እዚያው ተወልደው ያደጉ የሐበሻ ልጆችን ሰብስባ አማርኛ ታስተምራለች። ያላት የልጆች መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ ሽማግሌው ወልደሥላሴ በወጣትነታቸው ድንበር ሲሻገሩ ይዘውት የመጡት የተረት መጽሐፍ።

አንድ ዓርብ እናቱን ሳያስፈቅድ ወንዝ ወርዶ ጅብ ስለበላው ልጅ አነበበችላቸው። አባቷ ሱዳናዊ የሆነው የዘጠኝ ዓመቷ ሩባ እጇን አወጣች።

«ኡስታዛ፣ ይሄን መጽሐፍ ልጅ ነው የጻፈው?»

«አይ፣ ትልቅ ሰው ነው።»

«ወላሂ አውቄ ነበር! ልጁ ለምን ወንዝ እንደሄደ ማንም አልጠየቀውም።»

ህሊና ተረቱን ስንት ጊዜ ስታነበው ይህ አንድም ቀን አልታያትም። ከትምህርት በኋላ ወልደሥላሴ ቤት ጎራ ብላ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ሳቁ።

«እውነቷን ነው። ግን ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ጅቡ ተረት አልነበረም፤ ደጃፋችን ድረስ ይመጣ ነበር። ሰውየው ይህን የጻፈው ለልጁ ፈርቶለት ነው። የሚመኘውም በሰላም ቤቱ የሚገባ ልጅ ነው።»

ህሊና ያን ቀን መጽሐፉን ከበፊቱ አብልጣ ወደደችው። በሚቀጥለው ዓርብ የሽማግሌውን ቃል ለልጆቹ ነገረቻቸውና፣ «ትልልቆቹ የሚመኙትን ልጅ ጽፈዋል። ያላ፣ እናንተ ደግሞ እናት ጻፉ» አለች።

ሩባ በተንጋደደ ፊደል ጻፈች፦ «አንድ እናት ነበረች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ትገባለች። እግሯን አያማትም። ልጇ ስታወራ እንቅልፍ አይወስዳትም።»

የሩባ እናት ማዘንጊያ፣ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ሻይ ስትሸጥ ውላ ልጇን ልትወስድ መጣች። ህሊና ሩባን አስፈቅዳ ወረቀቱን ለእናቷ ሰጠች። ማዘንጊያ እንደቆመች አነበበችው።

«እኔ እንዲህ አይደለሁም» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ፣ እማ። ተረት ነው እኮ።»

ማዘንጊያ ልጇን ጭንቅላቷን ይዛ ሳመቻት። «በየቀኑማ አልችልም። ዓርብ ከሰዓት ግን፣ እንሻላህ፣ ያንቺ ነኝ።»

እንዳለችውም ዓርብ ዓርብ የሻይ ቦታዋን ለጓደኛዋ እየተወች መምጣት ጀመረች። ህሊና ደግሞ ወረቀቱን ወስዳ ለወልደሥላሴ አነበበችላቸው።

«እስቲ ድገሚልኝ» አሉ ሽማግሌው። «ይህችስ ደራሲ ናት።»