ማሟሻው በእትዬ ባይ መደብ

«መብራት የለም፣ ዘፋኝ የለም፣ ጋዜጠኛ የለም» አለች ሉየን የዕቅዷን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እየመታች። «አንድ ገበያ፣ አንድ መደብ፣ አርባ ዱሪያን። በቃ!»

«ሁለት ዓመት ዓይናችን የጠፋው ለአርባ ፍሬ ነው እንዴ?» አለ ቶአን።

ቶአን የሥራ ሸሪኳ ነው፤ ብሎክቼይኑን፣ ማለትም የማይፋቀውን የኮምፒውተር መዝገብ፣ የሠራው እሱ፣ ገበሬውን የምታውቀው እሷ። ካን ቶ ከተማ፣ ከሞተር ጠጋኝ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ተጣበው የሠሩት ነገር ሲነገር ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዱሪያን፣ ያ ቅርፊቱ እሾሃማ የሆነ ትልቅ ፍሬ፣ አንገቱ ላይ ካርድ ይታሰርለታል፤ ገዢው ካርዱን በስልኩ ስካን ሲያደርግ ፍሬው ከማን ማሳ፣ ከየትኛው ዛፍ፣ መቼ እንደተቆረጠ ያያል። አንዴ የተጻፈ ደግሞ አይፋቅም። ደላላ ቢለምን፣ ሹም ቢቆጣ፣ ራሷ ሉየን ብታለቅስ አይፋቅም።

«ትልቁን ምረቃ ኋላ ትደግሳለህ። ይሄ ማሟሻ ነው» አለችው። «አዲስ ድስት ሳይሟሽ ወጥ ይጣድበታል? የሚሰነጠቅ ከሆነ በአርባ ሰው ፊት ይሰንጠቅ፣ በአርባ ሺህ ፊት ለምን እንዋረዳለን?»

ለቶአን ደጋግማ ያልነገረችው ሌላ ነገርም አለ። የመንደሯ ማኅበር ሠላሳ አንድ አባወራ ነው። ደላላው ፍሬያቸውን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሌላ አገር ስም ሲሸጥ ኖሮ አሁን ለተጨማሪ ሦስት ዓመት ፈርሙ ብሏቸዋል። አባቷ ኛን ናቸው በስብሰባ መሀል ብድግ ብለው «እስከ ቅዳሜ ለልጄ ጊዜ ስጧት» ያሉት። ማሟሻው ቅዳሜ ጠዋት ካልሠመረ ረፋዱ ላይ ማኅበሩ ይፈርማል፤ አባቷም በጎረቤት ፊት አንገታቸውን ይደፋሉ። ይህም ሆኖ ከዕቅዷ ንቅንቅ የለም።

ሐሙስ ንጋት ላይ ልምምድ አደረጉ። መደቡ የእትዬ ባይ ነው፤ ሴትየዋ በዚያ ገበያ ዱሪያን ሲሸጡ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። ቶአን ገዢ መስሎ መጣ። አንዱን ፍሬ አነሳ፣ ስካን አደረገ፣ ማሳውም ዛፉም ቁልጭ ብሎ ወጣ። «ይሠራል!» አለና ፍሬውን መልሶ አስቀምጦ ሄደ።

ወይ ጉድ! እናቱ ዓሣ ነጋዴ የሆነች ልጅ እንዲህ ያደርጋል? የቀኑ የመጀመሪያ ሰው ነካክቶ ሳይገዛ ከሄደ፣ ቀኑን ሙሉ የሚመጣው ሁሉ ነካክቶ ነው የሚሄደው። ይህን እዚያ አገር ጡት የሚጠባ ልጅ ያውቀዋል። ሉየንም ታውቀዋለች፤ ግን በገዛ እጇ «ንጋት ላይ ቶአን ይሞክራል» ብላ ጽፋ ነበር። ሁለት ዓመት ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ሰውን እንዲህ ያደርገዋል።

እትዬ ባይ ጭናቸውን መቱ። «አንተ እግረ ደረቅ! ባዶ እጅህን ቀኔን ከፈትክብኝ?»

«እትዬ፣ ሙከራ እኮ ነው…»

«ሙከራህን እናትህ መደብ ላይ ሞክር!»

ጋዜጣ ለኩሰው ክፉው ዕድል እንዲሄድላቸው በዱሪያኖቹ ላይ አወዛወዙ። ከዚያ አርባውንም ካርድ አንድ በአንድ ገነጣጥለው ቦይ ውስጥ ጣሏቸው። ወሬው ገበያውን አዳረሰ፤ ሉየን ሌላ መደብ ብትጠይቅ ሁሉም ፊቱን አዞረባት።

«ለአባትሽ ደውዪና ማሟሻው ይቅር በያቸው» አለ ቶአን ተሸማቆ።

«ምኑ ነው የሚቀረው? ያበላሸነው እኛ፣ የምናቃናው እኛ!»

ዓርብ ከንጋት ጀምራ እትዬ ባይ መደብ አጠገብ ፍሬ ስትሸከም፣ ስትጠርግ ዋለች፤ ይቅርታ የሚል ቃል እንኳ አላወጣችም። ማታ ገበያው ሲበተን ሴትየዋ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ምን ፈልገሽ ነው እንዲህ የምትለፊው?»

«የእርስዎን ዕቅድ» አለች ሉየን፣ ባዶ ወረቀት ዘርግታ። «የእኔንማ አይተውታል።»

እትዬ ባይ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ጻፊ እንግዲህ። የመጀመሪያው ሰው ዋጋ ሳይከራከር ይገዛል። ከዚያ በፊት ስልክ የሚያወጣ ካለ አናቱን በዱሪያን ነው የምለው።»

ቅዳሜ ከማኅበሩ ማሳዎች በመጣው ፍሬ ላይ አርባ አዲስ ካርድ ታስሮ፣ የቶአን ስልክ ኪሱ ውስጥ ተቀብሮ ጥበቃ ሆነ። ፀሐይ ወጣች። አንዲት ሴት ሞተሯን ቀስ አድርጋ አየችና አለፈች። ስብሰባው ሊጀመር አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ሲቀረው ጭቃ የለበሰ ሞተር መደቡ ፊት ቆመ፤ የሉየን አባት ናቸው።

ሉየን ደነገጠች። አባቷ በዕድሜያቸው ዱሪያን ገዝተው አያውቁም፤ ሲከራከሩ ደግሞ ለአንድ እሽግ ክብሪት ግማሽ ሰዓት ይቆማሉ።

«ይሄ ስንት ነው?»

እትዬ ባይ ዋጋውን ጠሩ፤ እሳት ነው። የአባቷ አፍ ለክርክር ተከፈተ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ተዘጋ። ሙሉውን ከፈሉ።

«ተመስገን!» አሉ እትዬ ባይ። «አሁን ስልካችሁን አውጡ።»

ኛን ካርዱን ስካን አደረጉ። የባለማሳው ስም ቮ ቫን ኛን ይላል። የገዛ ስማቸውን በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ግን ግንባራቸው ተቋጠረ። ፍሬውን አገላብጠው አዩት።

«ዛፍ አሥራ አራት ይላል። ውሸት ነው። ይሄ አንገተ አጭር የአሥራ ዘጠኝ ልጅ ነው።»

ካርዶቹን ያሰረው ቶአን ነው፤ ደም ከፊቱ ሸሸ። ሦስት አራት ገዢ ቆሞ ያያል። «ዝም በያቸው፣ ማን ያውቃል?» ብሎ በጆሮዋ ሹክ አላት።

«አጥፊውና እንደገና ጻፊ!» አለ አንዱ ገዢ።

«አይጠፋም» አለች ሉየን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ከሥሩ ግን እርማት ይጻፋል።» ሁሉም እያያት በስልኳ ጻፈች፦ «ስህተት ነው። ፍሬው የዛፍ አሥራ ዘጠኝ ነው። የተሳሳትነው ሉየንና ቶአን ነን።» አንድ ፊደል አልዘለለችም።

አባቷ እንደገና ስካን አደረጉ። ስህተቱም እርማቱም እዚያው አለ።

«ደላላው በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ተሳሳትኩ ብሎኝ አያውቅም» አሉ። ዱሪያኑን ሞተራቸው ላይ አስረው ወደ ስብሰባው ሄዱ።

እኩለ ቀን ሳይደርስ መደቡ ላይ ሦስት ፍሬ ብቻ ቀርቶ ነበር። የሉየን ስልክ ጮኸ።

«ሠላሳ አንዱም ካንቺ ጋር ነው» አሉ አባቷ፣ አፋቸው ሞልቶ። «ፍሬውን በልተነዋል። ዛፍ አሥራ ዘጠኝ ነው የሚጣፍጠው፤ እሱንም ጻፊበት።»