ኢኖክ ያለሰለሰው ጠርዝ

በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ዙሪያ ካሉ ባትላሜራዎች መካከል የኢኖክ ትራንተርን ስም የማያውቅ አልነበረም። የሚሠራበት የሊደን ፋብሪካ፣ ፋብሪካ ይባል እንጂ፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ሠራተኛው ከሠላሳ የማይበልጥ አሮጌ ጋራዥ ነው። ቢሆንም ከዚያ የምትወጣውን ስፖርት መኪና ለማግኘት ባለርስቶቹ ሳይቀሩ ሁለት ዓመት ወረፋ ይጠብቃሉ። ሞተሯ ሸጋ ነው፣ ወንበሯ ቆዳ ነው፤ ዋናው ግን የኢኖክ እጅ ነው። ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ይሰጡታል፤ እሱ በእንጨት መዶሻ ሲቀጠቅጠው፣ በመዳመጫው ሲያሸው ይሰነብትና ኮፈን ወይም ፓራፋንጎ አድርጎ ይመልስላቸዋል። ሲጨርስ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ይሰድበታል። ዓይን ይታለላል፣ መዳፍ አይታለልም ባይ ነው።

ባለቤቱም ንድፍ አውጪውም ሚስተር ኦብሪ ሊደን ናቸው። ለኢኖክ ንድፍ ሲሰጡት ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «የሳልኩትን ሳይሆን መሳል የነበረብኝን ሥራልኝ።» እሱም ሃያ ዓመት ሙሉ ወረቀቱን በእጁ ሲያርም ኖረ። ባረመ ቁጥር ተመሰገነ።

የፈረንጆቹ 1964 መኪና ግን እንደ ቀድሞዎቹ አልነበረችም። ለለንደኑ የመኪና ትርኢት በሰዓት መቶ ሃምሳ ማይል ትሮጣለች ተብሎ አስቀድሞ ተወርቷል። ስለዚህም ከአውሮፕላን ፋብሪካ ሄስተር ክዌይል የምትባል የነፋስ ስሌት አዋቂ ተቀጠረች። ሄስተር ስትደምር ስትቀንስ ከርማ፣ ቆርቆሮው ልኩን በሚይዝበት የእንጨት ቅርጽ ጅራት ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀጭን ጠርዝ በአናጢ አስለጠፈች። ከዚያ ኢንፍሉዌንዛ ያዛትና ሦስት ሳምንት ተኛች። ለኢኖክ የነገረው ሰው የለም። አንድ ቀን መዳፉ ጠርዟን አገኛት።

«ይሄ አናጢ ዛሬም ጠጥቶ ነው የመጣው» አለና ላጋት። ቆርቆሮውንም እንደዚያው አለስልሶ ሠራው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? ሚስተር ሊደን ደግሞ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም የተቀባውን ጅራት ደጋግመው ዳበሱት። «እስከ ዛሬ ከሠራኸው ሁሉ ይሄ ይበልጣል» አሉት።

መስከረም ላይ፣ አንድ ብሩህ ጠዋት፣ መኪናዋን ለሙከራ በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን ማረፊያ ወደነበረ ሜዳ ወሰዷት። ሁለት ማይል የሚሆን ኮንክሪት ነው፤ ግራና ቀኙ የድንች እርሻ። የሚነዳት ዴንዚል ፓርጌተር ነበር፣ የኢኖክ አንድያ ልጅ የሞሪን ባል። ኢኖክ ይህን አማች ወዶት አያውቅም። መኪና በማስሮጥ እንጀራ የሚበላ ሰው ልጄን መበለት ያደርጋታል የሚል ነገር በሆዱ ነበረው።

ዴንዚል በመቶ ሃያ ሮጦ ተመለሰና መስኮቱን አወረደ።

«ሚስተር ትራንተር፣ ኋላዋ ቀለል አለብኝ። መሬቱን በጥፍሯ ብቻ የምትነካ ነው የሚመስለው።»

ኢኖክ በዚያ ቀን ቀይ ባንዲራ ይዞ ከሜዳው መሀል እንዲቆም ተመድቦ ነበር። በትንሽ ቤት ሁሉም ሁሉን ይሠራል። እጁ የተነካበት ያህል ተሰማው።

«ኋላዋን እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«እሱማ አውቃለሁ፣ ግን...»

«ግን የለም። ፈራሁ በል፣ አያሳፍርም። ሞሪን ሹራብ መሥራት ታስተምርሃለች።»

ሰዓት ያዡ በሳቅ ፈነዳ። ዴንዚልም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ። «ከሹራቡ በፊት መቶ ሃምሳዋን ላሳይዎት» አለና መስኮቱን ዘጋ።

መኪናዋ ወደ ሜዳው ጫፍ ስትወርድ ሄስተር ክዌይል በብስክሌት ደረሰች። ከአልጋ ከተነሳች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ አንገቷ በሻርፕ ተጠቅልሏል። መኪናዋ በአጠገቧ አለፈች። ልጅቱ ዘወር ብላ ጅራቷን ተከትላ አየችና ብስክሌቷን ጥላ ወደ ኢኖክ ሮጠች።

«ሚስተር ትራንተር፣ ጠርዙ የት ሄደ?»

«የቱ ጠርዝ?»

«ጅራቷ ላይ የነበረው! እንጨቱ ላይ ያስለጠፍኩት!»

«እሱ? የአናጢ ስህተት መስሎኝ አለሰለስኩት። እንዲያውም ሚስተር ሊደን...»

የልጅቱ ፊት አመድ መሰለ። «እሱ ነበር እኮ መሬት የሚያስይዛት» አለች። «ያለ እሱ ከመቶ ሠላሳ በላይ ነፋሱ ኋላዋን ያነሳዋል።»

ከሜዳው ጫፍ የሞተሩ ድምፅ ተነሳ። ስድስቱም ሲሊንደር ባንድ አፍ ሲጮህ ሌላ ቀን ቢሆን የኢኖክን ልብ ያሞቀው ነበር። አሁን ግን ባንዲራውን ዘርግቶ ወደ ኮንክሪቱ ሊሮጥ ሲል ሄስተር ክንዱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አያውለብልቡ!»

«ልቀቂኝ! ላስቁመው!»

«ቀይ ካየ ፍሬን ይይዛል! በዚህ ፍጥነት ድንገት እግሩን ካነሳ ክብደቷ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላዋ ባዶ ይቀራል፣ ትጠመዘዝበታለች። ካለፈ በኋላ ቀስ እያለ ካበረዳት ግን ሊተርፍ ይችላል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምንም» አለች፣ እያለቀሰች። «ምንም አያድርጉ።»

ኢኖክ በሕይወቱ ምንም ያላደረገበት ጊዜ ትዝ አይለውም። ቆርቆሮ ቢሰነጠቅ ይበይዳል፣ ቢጎብጥ ያቃናል። አሁን ባንዲራውን ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ያዘና ቆመ። መኪናዋ ከሩቅ እንደ ነጥብ ታየች፤ ከዚያ ሰፋች። ረጅሙ ኮፈኗ፣ ዝቅ ያለው ግንባሯ፣ ሁሉም እሱ እንደሠራው ነበር፤ ያምር ነበር። ያማረው ነገር እንዲህ ያስጠላኛል ብሎ አስቦ አያውቅም። በአጠገቡ ስታልፍ ዴንዚል ከመሪው ላይ አንድ ጣት አንስቶ ሰላም አለው። ምነው ባልተናገርኩ፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው አለ በልቡ። ነፋሷ ባርኔጣውን ገፎ ወሰደበት።

«መቶ ሃምሳ ሦስት!» ብሎ ጮኸ ሰዓት ያዡ። ሚስተር ሊደን እንደ ሕፃን ዘለሉ።

«ቀስ በል፣ የኔ ልጅ፣ ቀስ በል» ይላል ኢኖክ። ማን ይስማው? ከሩቅ ሁለቱ የፍሬን መብራቶች በሩ። ጅራቷ ወደ ግራ ተንሸራተተ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተንሸራተተ። መኪናዋ ሦስት ጊዜ ተሽከርክራ በአፍንጫዋ ድንቹ ውስጥ ገባች።

ዴንዚል አልሞተም። ጭኑና የደረቱ አጥንት ነው የተሰበረው። አምቡላንሱ ይዞት እንደሄደ ኢኖክ ሚስተር ሊደንን ፊት ለፊት ቆሞ ነገራቸው፤ ሄስተርም ስሌቷን አወጣች። ሰውየው አዳመጡና ወደ መኪናዋ ሄዱ። ፊቷ እንዳልነበረ ሆኗል፤ ጅራቷ ግን ጭረት የለበትም። መዳፋቸውን ሰደዱበት።

«እንዲህ ያለ ጅራት ሰው አይጥልም» አሉ። «ልጁ ደንግጦ ነው። ትርኢቱ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ በዚህች መኪና ላይ መደርደሪያ የመሰለ ጠርዝ አልለጥፍም። ኢኖክ፣ አንተ ደግሞ ደክሞሃል፣ ቤትህ ግባ።»

ኢኖክ ቤቱ አልገባም። በጉብኝት ሰዓት ሆስፒታል ሄደና ከዴንዚል አልጋ ግርጌ ቆመ። ሞሪን ሻይ ልታመጣ ወጥታ ነበር። ስለ ጠርዟ፣ ስለ አናጢው፣ ስለ ባንዲራው አንድም ሳያስቀር ነገረው። ዴንዚል ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ሰማው።

«ሚስተር ሊደን ቀድመውዎት መጥተው ነበር» አለ። «ጅራቷን ዳስሰው እንከን አጡበት። እግሬ ነው፣ ሚስተር ትራንተር። መጨረሻ ላይ ሞሪን ትዝ አለችኝና ፈራሁ፣ ቶሎ ፍሬን ያዝኩ። ጠዋት ያሉኝ ልክ ነበር። ከእንግዲህ መሪ አልይዝም።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ነኝ እያልኩህ! በዚህ በእጄ!»

«ይብቃዎት» አለው ዴንዚል፣ እንባው በጆሮ ግንዱ እየወረደ። «እንደማይወዱኝ አውቅ ነበር። ለእኔ ሲሉ የሃያ ዓመት ስምዎን እንዲህ ጭቃ ላይ ሲጥሉት ግን... እስክሞት አልረሳውም።»

ሞሪን ሻዩን ይዛ ገባች። ባሏ ነገራት። ሲኒዎቹን አስቀምጣ አባቷን አንገቱን አቅፋ ሳመችው።

«እውነቴን እኮ ነው» አላት ኢኖክ።

«አውቃለሁ፣ አባዬ» አለችው፤ የሚያለቅስ ሕፃን በሚያባብሉበት ድምፅ ነበር።