ውሸታሙ መስመር

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ደክሟችሁ ያውቃል? የጉልበት ድካም አይደለም የምላችሁ፣ እሱማ ተኝተው ሲነሱ ይለቃል። ለማንም ሳይናገሩ ደግ የመሰላቸውን ነገር እየሠሩ የሚደክሙት ድካም አለ። እሱን ነው የምላችሁ። እንደዚያ የደከማት አንዲት ሴት ነበረች፣ የእሷን ላጫውታችሁ።

በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ቤት አራሚ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት ስትለቅም የኖረች። ልጆቿ አድገው፣ ትዳር ይዘው፣ በየፊናቸው ሄደዋል። ባሏን ቀብራለች። ቤት ውስጥ የቀሩት እሷና ታላቅ ወንድሟ ብቻ ናቸው። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ሰዉ ሁሉ «መምህር» ይለዋል፣ እሷ ግን «ጋሼ» ነው የምትለው።

መምህር ምን ይሠራል መሰላችሁ? እንቆቅልሽ። ግን እኛ እንደምናውቀው ዓይነት አይደለም፤ ስለ ራሱ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው የሚሠራው። በጋዜጣው መጨረሻ ገጽ፣ በግራ ጥግ፣ «ራሴን ልንገራችሁ» የምትል ሳጥን አለችው። «በኔ ውስጥ አምስት ቃላት አሉ» ብሎ ይጽፋል። ብትቆጥሩት እውነትም አምስት ነው። ወረቀቱ ላይ ቁጥሯን ይጽፋታል፤ ጋዜጣው ላይ ግን ቦታዋ ባዶ ይወጣና አንባቢ ይሞላታል። አጭር ሲሆን ቀላል ነው፤ ሲረዝም ግን ጉድ ነው፣ አንዱን ሲያቃኑት ሌላው ይጎብጣል። መምህር ጠዋት ከአልጋው የሚነሳው ለዚህች ሳጥን ሲል ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ከዓመት ወዲህ ታዲያ መሳት ጀመረ። ስድስት ያለው ተቆጥሮ ሰባት ይሆናል። ወረቀቱን ከቤት ወደ ጋዜጣ ቤት የምታደርሰው እሷ ናትና፣ መጀመሪያ ያየችው ቀን አውቶቡስ ውስጥ ጭኗ ላይ ዘርግታ በእርሳስ ጫፍ እየነካች ቆጠረች፣ በላጲስ አጠፋች፣ የእሱን እጅ ጽሕፈት አስመስላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ።

አልነገረችውም። ምን ብላ ትንገረው? አባታቸው በስተመጨረሻ የልጆቹን ስም ሲያምታታ፣ ልብሱን ገልብጦ ለብሶ ደጅ ሲወጣ፣ ያስታመሙት ሁለቱ ናቸው። መምህር ከሞት ይልቅ ያንን ነው የሚፈራው። «እቴ፣ እንደ አባባ ስሆን ካየሽኝ ቶሎ ንገሪኝ። እርሳሱን በገዛ እጄ አስቀምጣለሁ» ብሏት ነበር። እሺ አለችው። እሺ ብላ ዝም አለች። ስትጸልይ ብቻ፣ «ጌታዬ፣ ይሄ ውሸት ነው ወይስ ምጽዋት? አንተው ታውቃለህ» ትላለች።

አንድ ሳምንት፣ ሌላዋ አራሚ ወልዳ ፈቃድ ስለወጣች፣ ይቺ ሴት የሁለት ሰው ሥራ ስትሠራ ሰነበተች። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ብሏታል። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ እንደ ልማዷ የመምህርን ወረቀት ዘረጋች። አራት መስመር ነው። ሁለቱ ልክ ናቸው። ሦስተኛው «እኔ እንኳ ዘጠኝ ቃላት ብቻ ነው ያሉኝ» ይላል። ቆጠረች፣ ሰባት። ደገመች፣ ሰባት።

«ወይ ጋሼ፣ ዛሬስ በሁለት ሳትክ» አለች በሆዷ። ዘጠኝን አጥፍታ ሰባት ጻፈች። አራተኛው ልክ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች።

ያላየችው ጀርባውን ነው። መምህር ፊት ለፊቱ ቦታ አልበቃው ብሎ ከጀርባ እንዲህ ጽፎ ነበር፦ «በዚህ ሳምንት ጨዋታው ተቀይሯል፤ ቁጥሮቹ ተሞልተው ይውጡ። ከአራቱ መስመሮች አንዱ ውሸታም ነው። ፈልጉት።»

ገጹን የሚያሰናዳው ሰው ከፊትም ከኋላም አይቶ በደንብ ተየበው። የመጨረሻው ማረሚያ ወረቀት ሲመጣላት ግን ያቺን ሳጥን ሳታነብ ፈረመች፤ አንብቤዋለሁ ብላ። አራሚ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

ጋዜጣው ቅዳሜ ወጣ። ውሸታሙን ፈልጉ ይላል፣ አራቱም መስመር እንደ ጻድቅ ቆሟል። ሰው ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። ሰኞ ስልኩ ፋታ አጣ። አንዱማ «ውሸታሙ እናንተ ናችሁ» ብሎ ጆሯቸው ላይ ዘጋው።

አዘጋጁ ጠራት። በልጇ ዕድሜ ያለ፣ ጨዋ ሰው ነው።

«እትዬ፣ አረፍ ይበሉ እስቲ። እንዳይቀየሙኝ እንጂ፣ መምህር ደከም ያሉ ይመስለኛል። ሳጥኗን ለሌላ ነገር ብናደርጋትስ?»

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ፣ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ተቀምጧል። አነበበችው። ክው ብላ ቀረች።

«ነገርከው?»

«ጠዋት እሳቸው ራሳቸው ደወሉ፤ ነገርኳቸው። ይቅርታ ብለው ዘጉ።»

«እስከ ነገ ታገሠኝ» አለችና ወረቀቱን ይዛ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልዘቀዘቀችም። መምህር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። እርሳሶቹን ሰብስቦ ቆርቆሮ ውስጥ ከቷቸዋል፣ ክዳኑም ተገጥሟል።

«ዘጠኝ ልጽፍ አስቤ ነበር እቴ» አለ ቀና ሳይል። «ማሰቤን አውቃለሁ። ሰባት ጽፌ ተገኘሁ። እጄና ራሴ ተለያይተዋል። አባባም የጀመረው እንዲህ ነው።»

ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆመች። ሳምንቱን ሙሉ ከሠራችው ሥራ ሁሉ ይህ ከበዳት። የዚህ ሳምንቱ እኮ ልክ ነበር፤ ከዓመት ወዲህ ከሠራው ሁሉ የሚያምረው። ግን ይህቺን አንዷን ልትመልስለት ስትል ሌሎቹን ልትነጥቀው ነው።

«ዘጠኝ ነው የጻፍከው ጋሼ።»

«አታባብይኝ።»

«አላባብልህም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በላጲስ። ጀርባውን አላየሁም።» ወረቀቱን ሰጠችው።

ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደና በብርሃን አየው። ከሰባት ሥር የዘጠኝ ጥላ አለ። ፊቱ በራ። እውነቴን ነው፣ እንደ ሕፃን በራ። ግን አስተማሪ ነውና ጥያቄው አልቀረም።

«ላጲስ ይዘሽ በኔ ወረቀት ላይ ምን ትሠሪ ነበር?»

እዚህ ላይ አንድ ውሸት ብትጨምር ይበቃት ነበር። የዚያን ቀን ብቻ ነው ማለት ትችላለች። አላለችም። ጽድቅ ሆኖባት አይምሰላችሁ፤ ለውሸት የሚሆን አቅም አልቆባት ነው። እግዚአብሔር አንዳንዴ በድካማችን በኩል ነው የሚያወጣን።

«ከዓመት ወዲህ አርምልሃለሁ።»

ወረቀቱን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠ።

«ስንቱን?»

«አሥራ አንዱን።»

«ከስንቱ?»

«ከአርባ ስምንት ሳምንት።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ሠላሳ ሰባቱ የኔ ነው» አለ። ቀጥሎ፣ «ንገሪኝ ብዬሽ አልነበረም?»

«ብለኸኝ ነበር።»

«የእጅ ጽሕፈቴን ሳይቀር ሰረቅሽ።»

«ምኑን ሰረቅኩት? ዶሮ የጫረው የመሰለ ጽሕፈት፤ እሱን መምሰል ራሱ ሥራ ነው።»

አልሳቀም። ሁለት ቀን ሙሉ ሻዩን ራሱ እያፈላ ለብቻው ጠጣ። እሷም አልለመነችውም፤ ልመናውም ይደክማል።

ማክሰኞ ጠዋት ለአዘጋጁ ሁሉንም ነገረችው፣ አሥራ አንዱንም። አዘጋጁ ራሱን አከከ። «ታዲያ ከእንግዲህ ማን ይቆጥራል?»

«እሱን እሱ ይወስን።»

ሐሙስ ጠዋት ቢሮው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲሠራ መምህር ከዘራውን ይዞ ከች አለ። እንዴት አደራችሁም አላለ። አዲስ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

«ቁጠሪ። ድምፅሽን አውጥተሽ፣ እኔ እያየሁ።»

ቆጠረች። ከአምስቱ መስመር አንዱ ስቷል። ላጲሱን ልታሳርፍ ስትል ከእጇ ወሰደው፤ ራሱ አጠፋ፣ ራሱ ጻፈ።

«በየሳምንቱ እንዲህ ነው» አለ። «የሳትኩት ከግማሽ ሲያልፍ፣ አንቺ ሳትናገሪ እኔ አቆማለሁ። ሰማሽ?»

«ሰማሁ ጋሼ።»

«በይ እሱን ጫማሽን አውልቀሽ ተቀመጪ፣ እግርሽ አብጧል።»

አዘጋጁም ሳጥኗን አልነካትም። እርማት ደግሞ ወጣ፣ ስህተቱ የአራሚዋ ነው የሚል፤ ግን ማንም በማያነበው ሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል። እስከ ዛሬ ድረስ «መምህር ያን ጊዜ ምን ነክቷቸው ነው?» እያለ የሚጠይቅ አለ፣ መምህርንም በሰማው ቁጥር ትንሽ ያንገበግበዋል።

እናም እባካችሁ፣ ያቺ ጋዜጣ ቤታችሁ የሆነ ቦታ ወድቃ ከተገኘች፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ሰባት የሚለውን ሰርዛችሁ ዘጠኝ ብላችሁ ጻፉልኝ።