የአባቴ ማስቲሽ

አባቴ ነፍሱን ይማረውና ጫማ ሰሪ ነበር። ለሱ ዓለም ሁሉ ጫማ ነው። ሶል ሲያልቅ ሌላ ሶል ይለጠፍበታል፣ አለቀ። እናቴ እኔን በወለደች በወሯ ሞተች። እሱም ቆይቶ የልብ ጓደኛዋን ሲያገባ፣ የአዲሷን ሚስት ፎቶ ፍሬም ውስጥ በነበረችው እናቴ ላይ በጫማ ማስቲሽ ለጠፈው። በክፋት እንዳይመስላችሁ፤ ያለን ፍሬም አንድ ነው ብሎ ነው። የእናቴ ሌላ ፎቶ በዚህ ምድር ላይ የለም።

ያሳደገችኝ የላይኛዋ ናት፤ እማ የምለውም እሷን ነው። እንጀራ እናትሽ የሚለኝን ሰው አፉን አስይዘዋለሁ። ግን አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ የወለደችኝን ሴት መልክ ሳላውቅ ኖርኩ። ዘመድ ሁሉ ቁርጥ እናቷን ይለኛል። እኔ በምን አውቄ!

የተለጣጠፈውን ፎቶ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው የላይኛዋን ኮፒ አነሳልኝና፣ የታችኛዋን ግን እርሺያት፣ ብትነኪው ሁለቱንም ታጪያለሽ አለኝ። እናቴን ልርሳት? ሃያ ዓመት ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ስተኩስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማስቲሽ ሙቀት እንደማይችል አሳምሬ አውቃለሁ። የከበደኝ እማን እማ ፊት መላጡ ነው። ሳምንት ሙሉ ስንቆራጠጥ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ጠዋት እማ ራሷ ካውያውን ሰካችና ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች።

«እኔንማ በቁሜ እያየሽኝ አይደል?» አለች። «እሷን አውጪያት።»

እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌ በእንፋሎት አሞቅኩት። ጥግ ጥጉ ተነሳ። በቀጭን ቢላ እየተከተልኩ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ እስከ መጨረሻው ላጥኩት። የታችኛው ወረቀት ባዶ ነበር፤ ቀሚስ የለ፣ ፊት የለ። ክው አልኩ። ያ ሟርተኛ ባለፎቶ ቤት ልክ ነበር ብዬ ካውያውን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።

እማ ግን የራሷን ፎቶ አንስታ ገለበጠችው። ጀርባው ላይ አንዲት ሴት አለች። ማስቲሹ የእናቴን መልክ ከወረቀቱ ልጦ እማ ጀርባ ላይ አስቀርቶታል።

እማ ዓይኗን አጥብባ አየቻት። ማርያም የሳመቻት በቀኝ ጉንጯ ነበር፣ እዚህ ግራ ሆኗል፣ ተገልብጣ ነው የወጣችው አለች። ከግድግዳው መስታወት ፊት አቆመችኝና ፎቶውን ትከሻዬ ላይ አስጠግታ ያዘችልኝ።

መስታወቱ ውስጥ እናቴ ተስተካከለች። ያው ወፍራም ቅንድቤ፣ ያው አፍንጫዬ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ልጄ ልትሆን ትችል ነበር። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ። ወደ እማ የዞረው የራሷ የወጣትነት ፊት በእንፋሎቱ ስንጥቅጥቅ ብሏል፤ አንዴም አላየችውም። ክንዷ ዝሎ ፎቶው ዝቅ ዝቅ ማለት ሲጀምር በቃ አስቀምጪው አልኳት።

«ገና አልጠገብሻትም» አለችኝ።