የዳኛው ኮት

ልብስ ሰፊው ዲቪዲ ሲያይ የተዋናዩን ፊት ልብ ብሎ አያውቅም። ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ኮሌታ ላይ ነው፤ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ የሱሪው ጫፍ። በቀደም ዕለት ጀግናው ከገደል ተንከባሎ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ፣ ሚስቱ ትንፋሿን ውጣ ስታይ፣ እሱ ሶፋው ላይ እንደተንጋለለ «ሱሪው'ኮ አሁን ከካውያ የተነሳ ነው የሚመስለው። ወንዙ ውስጥ ላውንደሪ ቤት አለ እንዴ?» አለ።

ይህ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። ያስቸገረው ፍልስፍናው ነው። እንደ እሱ አባባል ፊልም ሠሪ ሁሉ ቆጣቢ ነው፤ የሚቀደደውን፣ ደም የሚነካውን ልብስ ከርካሽ ጨርቅ ያሰፋዋል። ስለዚህ እስከ ትናንት ጥሩ ሱፍ ለብሶ የቆየ ሰው ድንገት በቀሽም ጨርቅ ብቅ ካለ አበቃለት። «ይሄ ሰውዬ አይከርምም» ይላል ልብስ ሰፊው። ሰውዬውም አያሳፍረውም፣ ብዙ ሳይቆይ ይሞታል።

ሚስቱ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት። እሷም ብትሆን የራሷ አመል አላት። አሁን ተወለደ የተባለ ሕፃን ሲያሳዩዋት «ይሄማ ጥርስ ሊያወጣ የደረሰ ልጅ ነው፤ እናትየውም ፀጉር ቤት ገብታ ነው ያማጠችው» ሳትል አታልፍም። ግን የሷ ነቀፋ የማንንም ሞት ቀድሞ አያረዳም። የእሱ ምላስ ስንቱን ፊልም እንዳበላሸባት እሷ ናት የምታውቀው። ክረምቱን ሙሉ አብረው ሲከታተሉት የከረሙት ድራማ የመጨረሻው ዲስክ ላይ ሲደርስ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊቱ ቆመች።

«ስማኝ፤ ዛሬ ማታ ስለ ልብስ አንዲት ቃል ብትተነፍስ፣ ከእንግዲህ ፊልም የማየው እህቴ ቤት ሄጄ ነው። አንተ ከመርፌህ ጋር ታያለህ።»

«እህትሽ'ኮ ፊልሙ መሃል ስልክ ነው የምታወራው።»

«ታውራ። ማን እንደሚሞት አታወራም።»

ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም። እሷ ዛተች ማለት አደረገች ማለት ነው። ልጆቹ ትዳር ይዘው ከወጡ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ቀኑን ሙሉ የፊት ለፊቷ ክፍል ውስጥ ስፌት መኪናውን ሲያንደቀድቅ ይውልና፣ ሲመሽ የሚጠብቀው ነገር ቢኖር አጠገቧ ተቀምጦ የሰው ኮት ማማት ነው። ያ ሶፋ ባዶውን ሲቀር ታየውና ፈራ።

መሸ። መብራት አጥፍተው ተቀመጡ። የድራማው ዋና ሰው ጉቦ አልበላም ብሎ የከተማውን ሌባ ሁሉ ያስቀየመ ሽማግሌ ዳኛ ነው። ልብስ ሰፊው ሳይታወቀው ወዶታል፤ ስለ ፍትሕ ብሎ ሳይሆን፣ የሰውዬው ኮት እውነተኛ ሱፍ ስለነበረ፣ ገበሩም በእጅ የተሰፋ ስለነበረ ነው።

ዳኛው ቢሮው ገባ። ኮቱ ግን ያ ኮት አይደለም። ቀለሙ ያው ነው፣ ቁልፉም ያው ነው። ጨርቁ ግን ውራጅ እንኳን የማይባል፣ ትከሻው የተሸበሸበ፣ በችኮላ የተጣፈ ነገር ነው። ልብስ ሰፊው ከሶፋው ቀና አለ። አፉን ከፈተ፤ ሚስቱ በጎን አየችው፤ የከፈተውን አፍ ምን ያድርገው፣ ሳለበት።

«ምነው?»

«ጉሮሮዬን ነው።»

ምላሱን ነክሶ ተቀመጠ። ማዶ ካለው ጣሪያ ላይ አንድ ሰው ጠመንጃ ይገጣጥማል። ዳኛው ምኑንም አላወቀም፣ ወረቀት ያገላብጣል። ልብስ ሰፊው ለሚስቱ አንጀቱ ተንሰፈሰፈ። ክረምቱን ሙሉ የወደደችው ሰው አሁን በዚያ እርኩስ ጨርቅ ውስጥ ሊሞትባት ነው። መናገር ተከለከለ እንጂ ማዘን አልተከለከለም፤ መሃረቡን ከኪሱ አውጥቶ ቀስ ብሎ ጭኗ ላይ አኖረላት።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ያው... ጉንፋን እንዳይዝሽ ብዬ ነው።»

ሚስቱ ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋም ተንቀጠቀጠ። ልቅሶ የጀመራት መስሎት እቅፍ አደረጋት።

ያኔ ዳኛው ሞቀኝ ብሎ ተነሳ። ኮቱን አወለቀ፣ ለወንበሩ መደገፊያ አለበሰውና ውኃ ሊቀዳ ወደ ጥግ ሄደ። ጥይቱ ጮኸ። መስኮቱ ረገፈ፣ ወንበሩ ተገለበጠ፣ ከኮቱ ትከሻ ጥጡ ቡን አለ። ዳኛው ብርጭቆውን እንደያዘ በሸሚዙ ቆሟል፤ አንድ ጠብታ እንኳን አልፈሰሰበትም።

ልብስ ሰፊው ብድግ አለ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ከዚያ መሃረቡን ከሚስቱ ጭን አንስቶ የገዛ ዓይኑን ጠረገ። ሚስቱ የያዘችው ሳቅ አመለጣት፤ ሆዷን ይዛ ሶፋው ላይ ተጋደመች።

«ሟቹ ኮቱ ነው!» አለች።

«እኔስ ቢሆን ያሰብኩት ስለ ኮቱ አይደል?»

«ድንቄም።»

አፍንጫውን እየጠረገ ቆየና ድንገት ዞር ብሎ አያት። ይቺ ሴት በር በነፋስ ሲዘጋ እንኳን ከመቀመጫዋ የምትዘል ናት።

«ጥይቱ ሲጮህ አልደነገጥሽም።»

«ለምን ብዬ እደነግጣለሁ?» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«አይተሽዋል።»

 «ማክሰኞ፣ ጨርቅ ልትገዛ ስትሄድ» አለች።

«ብቻሽን?»

ቅር አለው፤ ቅሬታውንም አልደበቀም። ያን ሁሉ ምላሱን የነከሰው ያለ እሱ እንዳታይ ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ቀድማ አይታዋለች።

«ብቻዬን» አለች ሳቋን ትታ። «አንዴ እንኳን ማን እንደሚሞት ሳይነገረኝ ልይ ብዬ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ አንተ አበላሽተኸኛል። ዳኛው በዚያ ኮት ብቅ ሲል ጨርቁን አይቼ ‘አበቃለት’ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ሳይሞት ሲቀር ‘ጉድ አደረጉህ አይደል?’ ልልህ ዞር ብል ሶፋው ባዶ ነው። ቀሪውን እንዴት እንዳየሁትም አላውቅ።»

 ልብስ ሰፊው መሃረቡን አጣጠፈ፣ ዘረጋ፣ ደግሞ አጣጠፈ። እሷ ሪሞቱን አንስታ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችው። ዳኛው እንደገና በሩን ከፍቶ በዚያ ቀሽም ኮት ገባ።

«በል እንግዲህ ተናገር» አለችው።

«ኧረ ተይ፣ እህትሽ ቤት ልትሄጂብኝ ነው።»

«ተናገር ብዬሃለሁ።»

«እስቲ እጅጌውን እይው» አለ ልብስ ሰፊው፣ ወደ ቴሌቪዥኑ እየተጠጋ። «ግራው ከቀኙ ይረዝማል...»

«ቆይ፣ ቆይ» አለችና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰች።